በአባቴ የዳዊት መጽሐፍ ላይ «የሞላሌው» ተብሎ የተጻፈው ሰው

የመክፈቻ ጽሑፍ

እንደምን ሰነበታችሁ፣ የመንዝ፣ የተጉለት፣ የቡልጋ፣ የይፋትና የመርሐቤቴ ልጆች። አባቴ ያረፈው ጥቅምት 2017 ነው፤ ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው። እናቴ ለድግሱ ብቅል ስታሰናዳ እኔ ዕቃውን ሳስተካክል የዳዊቱን ማኅደር ፈታሁ። መጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ በእርሳስ የተጻፉ 12 መስመሮች አሉ። 11ዱ የክርስትና ስሞች ናቸው፤ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ እያሉ የሚጀምሩ። 12ኛው መስመር ላይ ያለው ግን «የሞላሌው» የሚል ቃል ብቻ ነው፤ ሞላሌ እዚያው መንዝ ያለች ከተማ ናት።

የስም ዝርዝር እንዳለው ድሮም እናውቅ ነበር። በየዓመቱ የካቲት 27፣ በመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ መገበሪያና ጧፍ ይዞ ገና ሳይነጋ ከቤት ይወጣና ስሞቹን ለንስሐ አባታችን ሰጥቶ ያስጠራ ነበር። እኛ ልጆቹ የሞቱ ዘመዶቻችን ይመስሉን ነበር። እናቴ ከቀብሩ በኋላ ነው የነገረችን፤ አብረውት ዘምተው ያልተመለሱ ልጆች ናቸው።

አባቴ በ1970 በእናት ሀገር ጥሪ ከመንዝ ወጥቶ፣ ታጠቅ ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። ካራማራ ነበረ። በኋላ ወደ ሰሜን ተዛውሮ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ ግራ እግሩን ተመታና በ1974 ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ገብስና ባቄላ እያረሰ ስድስታችንን አሳደገ፤ በ77ቱ ድርቅ ወንድሙ ሲሞት ሁለቱን የወንድሙን ልጆች ጨምሮ ስምንት አደረገን። ማን ከማን እንደተወለደ ጎረቤት እንኳ እስኪምታታበት ድረስ እኩል ነው ያሳደገን። ስለ ጦርነቱ ሲጠየቅ የሚያወራው ስለ ውኃ ብቻ ነበር። ደጋ ተወልዶ ምንጭ አጠገብ ያደገ ሰው ውኃ የሚባል ነገር ሊጠፋ እንደሚችል ያወቀው እዚያ እንደነበር፣ ከቦቴ የተቀዳ የሞቀ ውኃ እንዴት እንደሚጣፍጥ። ከዚያ ወሬው ያልቃል።

በልጅነቱ ዳዊት ደግሟል፤ ድቁና ሊቀበል ተቃርቦም ነበር። ከዘመቻ ከተመለሰ በኋላ ግን ቅኔ ማኅሌት እንኳ ሲገባ አይቼው አላውቅም። በቅዳሴ ሰዓት በቅጥሩ በር አጠገብ ካለው ጽድ ሥር ይቆም ነበር፤ ዝናብም ቢሆን። ለእግሩ መስሎን ኖረናል። ለብዙ ዓመት የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ ሆኖ ያገለገለው፣ የሳሩ ክዳን በቆርቆሮ ሲቀየር ከደብረ ብርሃን ቆርቆሮውን በጭነት መኪና አሳፍሮ ያመጣው እሱ ነው። ውስጡን ግን በሩቅ ነበር የሚያየው።

አንድ ነገር ልጨምር። ገበያችን መሐል ሜዳ ሆኖ ሳለ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሞላሌ ድረስ ለገበያ ይሄድ ነበር። ይዞ የሚመለሰው ጨው ነው፤ አንዳንዴም ምንም። እናቴ ለዓመታት ትጣላው ነበር።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። በ1970 ከሞላሌና ከአካባቢው ዘምቶ ያልተመለሰ ልጅ ያለው ቤተሰብ ታውቃላችሁ? የክርስትና ስሙ የማይታወቅ ሰውስ በጸሎት እንዴት ይጠራል?

እስካሁን የመጡት መልሶች

ይህን ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነው። መልሱ 31 ደርሷል፤ ዘግይታችሁ ለምትመጡ እንዲቀልላችሁ በየተራው ላስታውሰው።

1ኛውና 2ኛው ነፍስ ይማር ናቸው፤ አንዱ ከደብረ ሲና፣ አንዷ ከደብረ ብርሃን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

3ኛው አረመኝ። የታሪክ መምህር የሆኑ ሰው ናቸው፤ በትሕትና ጥሪው የተላለፈው በ1970 ሳይሆን ሚያዝያ 4 ቀን 1969 መሆኑን አስረዱኝ። ከየገበሬ ማኅበሩ የተሰበሰበው ሚሊሺያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ በሰኔ በአብዮት አደባባይ ተሰለፈ። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ተጠቅታ ሳትያዝ ቀረች፤ መስከረም 1970 ጂጂጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ ካራማራ ተመልሶ የተያዘው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። እንግዲህ አባቴ የወጣበትን ዓመትና የተዋጋበትን ዓመት አንድ አድርጌው ኖሬያለሁ ማለት ነው። እናቴን ብጠይቃት ያኔ ገና ሙሽራ እንደነበረችና የፋሲካው ጠላ ሳያልቅ እንደተለየችው ነገረችኝ። ዓመቱን በቁጥር አታውቀውም። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

4ኛው ከአንኮበር የጻፈ ዲያቆን ነው። ሰው ሲጠመቅ በተሰጠው ስም እንጂ በዓለም ስሙ በጸሎተ ፍትሐት እንደማይጠራ፣ «የሞላሌው» ደግሞ ስም ሳይሆን አድራሻ እንደሆነ በቁርጥ ጻፈ። 5ኛዋ የመርሐቤቴ ሴት ይህን አልተቀበለችም፤ በአጥቢያቸው በረሃ ላይ ሞቶ ስመ ክርስትናው ያልታወቀ መንገደኛ በዓለም ስሙ ሲጠራ በጆሮዋ መስማቷን መሰከረች። 6ኛው ዲያቆኑን ዘለፈው። ዘለፋውን አልደግመውም፤ ጥያቄውን የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ ልጁም የተማረውን ነው የመለሰልኝ። ስድብ የሚገባው ነገር አላየሁበትም።

7ኛው ጉዳዩን ወደ ሌላ ወሰደው። ያ ዓመት በከተማ ወጣቶች በቀይ ሽብር የሚረሸኑበት ዓመት እንደነበር አስታውሶ፣ የደርግን ሠራዊት እያነሱ ማልቀስ የሟቾቹን ወገን እንደሚያቆስል ጻፈ። የራሱን ታላቅ ወንድም ያጣበትን ሁኔታም ጨመረ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ነው ያነበብኩት። ወንድምህን ነፍስ ይማር፤ ሐዘንህ ሐዘኔ ነው። 8ኛው ግን ቶሎ ነደደ። ገበሬው በገበሬ ማኅበር ኮታ ተቆጥሮ ሲወጣ ቤተ መንግሥት ማን እንደተቀመጠ የጠየቀው እንደሌለ፣ ለድንበር የሞተን ሰው በገዢው ኃጢአት መመዘን ግፍ እንደሆነ ጽፎ ቃሉን አከረረው። 9ኛው ከእሱም የባሰ ነበር። በ10ኛው እኔ ገባሁና ክሩ፣ ማለትም ይህ ውይይት፣ የ12 ሙታን መሆኑን አስታውሼ ለመንኩ። 7ኛው ሰው ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ቢመለስ ደስ ይለኛል።

ከ11 እስከ 14 ስለ በርኖስ ነው። ነገሩ የተነሳው የአባቴን ፎቶ ያየ አንድ የግሼ ሰው የለበሰው የመንዝ በርኖስ መሆኑን ሲጠይቅ ነው። አንዱ ጥሩ የሚሠራ ሸማኔ ዛሬ የት እንደሚገኝ ጠየቀ፤ ሌላው የጥቁር በግ ጠጉር ሳይቀለም ሲሠራና ሲቀለም ያለውን ልዩነት አስረዳ፤ ከበግ ጠጉር ስለሚሠሩት የመኝታ ልብሶች፣ ስለ ባና እና ስለ ዝተትም ተጻፈ። ከርዕሱ ወጥተናል ያለ ቢኖርም እኔ አልከፋኝም። 13ኛው አያቱ በርኖሳቸውን ተጠቅልለው ከደጋ ቆላ ወርደው፣ በዚያ ሙቀት ቀን ጥላ፣ ሌሊት ትራስ ያደረጉት መሆኑን ጻፈ። የአባቴ በርኖስ ታሪኩ ሌላ ነው። አያቴ የፈተለችውን ሄዶ ሲመለስ ቤት አገኘው፤ አልለበሰውም። በ77 የወንድሙ ልጆች እኛ ዘንድ ሲመጡ በምላጭ ተርትሮ ለሁለቱ ልብስ አሰፋላቸው። ፎቶው ላይ የምታዩት በርኖስ ያ ታናሽዬው ልጅ ካደገ በኋላ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛለት ነው።

15ኛው መልስ ላይ ስደርስ እጄ ቀዘቀዘ። የጻፉት ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። 3ኛውን መልስና የእናቴን ቃል አስተያይተው ቆጠሩ፤ በ1969 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 2 ነው፤ ጥሪው በሁለተኛው ቀን ነው የመጣው፤ እናቴ ስለ ጠላው የተናገረችው በቁጥሩ ልክ ሆነ። መሪጌታው ግን በዚህ አላበቁም። በ1970 ፋሲካ ሚያዝያ 22 ስለዋለ ሁዳዴ የገባው ሰኞ የካቲት 27 ነው። እንግዲህ ካራማራ የተያዘበት የካቲት 26 እሑድ ነበር፤ የቅበላ እሑድ።

ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። ቤታችን ውስጥ ቅበላ እንዴት እንደነበር የምናውቀው እኛ ነን። አባቴ በጉን ያርዳል፣ ይበልታል፣ ሥጋውን ለእናቴ ይሰጣል፤ ከዚያ ወጥቶ ይሄዳል። እስኪመሽ አይመለስም። ጎረቤት ሁሉ ከልጆቹ ጋር ሲያወራርድ የእኛ አባት የለም። አንድ ዓመት፣ 11 ወይም 12 ዓመት ሆኖኝ፣ ተከትዬው ሄድኩ፤ ከጽዱ ሥር ተቀምጦ አገኘሁትና ና እንብላ ብዬ አለቀስኩበት። አዝሎ መለሰኝ፤ በዚያ እግሩ። ማዕዱ ላይ ተቀመጠ፣ ለሁላችንም አጎረሰ፣ እሱ ግን አልቀመሰም። እስከ ዛሬ ድረስ ጾሙን አንድ ቀን አስቀድሞ የሚጀምር ቆራጥ ሰው አድርጌ ነበር የማወራለት። በየዓመቱ በየካቲት 27 ስሞቹን ያስጠራ የነበረውም ለካ ያ ሁዳዴ የገባበትን ሰኞ ይዞ ነው። ቀኑ ከቅበላ ጋር የሚገጥመው ስንትና ስንት ዓመት አንዴ ነው፤ እሱ ግን ሁለቱንም ይጠብቅ ነበር፤ ቅበላውንም፣ 27ንም። እናቴ ስትሰማ የተናገረችው ነገር የለም፤ ተነስታ ብቅሉን ልትገለብጥ ወጣች።

16ኛው ከሸዋ ሮቢት ነው፤ አንድ የቀድሞ ዘማች ለልጅ ልጃቸው እየነገሩ ያስጻፉት። ከክሩ ሁሉ የረዘመውና ለእኔ የጠቀመው ይህ ነው። በሚሊሺያው ውስጥ በአንድ ጋንታ ሦስትና አራት ሰው አንድ ዓይነት ስም ስለሚኖረው፣ ሰው በሀገሩ ይጠራ እንደነበር አስታወሱ፤ የግሼው፣ የአንኮበሩ፣ የእነዋሪው፣ የሞላሌው። እርስ በእርስ የአባት ስም የማይተዋወቁ ብዙ ነበሩ። ውጊያ ሊገቡ ሲሉ ግን፣ በተለይ ሌሊቱን፣ ክርስቲያኖቹ ስመ ክርስትናቸውን ይለዋወጡ ነበር፤ የተረፈው ለቤተ ክርስቲያን እንዲያደርስ። እስላሞቹ ጓዶቻቸውም ለወላጆቻቸው የሚደርስ አደራ ይሰጧቸው ነበር። 11ዱ ስሞች በዚህ መንገድ የተገኙ መሆናቸውን አልጠራጠርም። ስለ 12ኛው ሽማግሌው ሲገምቱ፣ ምናልባት በቆሰለ ሰው ምትክ ዘግይቶ የመጣና ስም ለመለዋወጥ ያልደረሰ ልጅ ይሆናል። ስለ ውኃው ያስጻፉት ደግሞ የአባቴን ቃል በሌላ አፍ እንደመስማት ነበር። አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የልጅ ልጅዎንም ይባርክልኝ።

ከዚህ በኋላ ሞላሌ መጣች። 17ኛዋ ሴት የእናቷ ወንድም በ1969 ሄዶ አለመመለሱን ጻፈች። አያቷ አስከሬን ሳላይ አላለቅስም ብለው ለቅሶ ሳይቀመጡ፣ መደቡን እንደተነጠፈ አስቀምጠው ሞቱ። ስመ ክርስትናውን በውስጥ መልእክት ላከችልኝ። 18ኛው ወዲያው አስጠነቀቀኝ። ሐዘንተኛ ሲያዩ ተጠግተው ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች እንዳሉ፣ እሷም ማስረጃ እንዳላቀረበች ጻፈ፤ አነጋገሩ ሻካራ ነበር። ሴትዮዋ ምንም እንዳልጠየቀችኝ እዚሁ ልመስክር፤ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፣ አባቴ ስለ ልጁ የተናገረው ነገር መኖሩን።

19ኛው ደግሞ ያባቱን ታላቅ ወንድም ስም ላከ፤ እሱም የሞላሌ፣ እሱም በ1969። 20ኛው አስተዋይ ሰው የመለያ ምልክት እንድፈልግ መከረ። እናቴን ጠየቅኳት። አባቴ በ40 ዓመት ውስጥ ስለዚያ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ አውርቷታል፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን እንደነበር። ይህን ለሁለቱም ነገርኳቸው። የ17ኛዋን አጎት ሳቅ የሚያስታውስ ሰው በሕይወት የለም። የ19ኛው አጎት የፊት ጥርሱ በልጅነቱ በበቅሎ ርግጫ ተሰብሮ ስለነበር ምናልባት ይሸፍን ይሆናል ተባለ፤ ምናልባት ብቻ።

ከ21 እስከ 23 ሌላ ክርክር ነው። አንዱ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት አንስቶ፣ እዚያ ለዘመቱት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ እንደቆመ ሁሉ ከየአጥቢያው የወጡት ገበሬዎችም በየደብራቸው ቅጥር ስማቸው በድንጋይ እንዲቀረጽ ሐሳብ አቀረበ፤ ገንዘብ ለማዋጣትም ቃል ገባ። ሌላው የብዙ አጥቢያ ጣራ እያፈሰሰ ስለ ድንጋይ ማውራት እንደማይገባ፣ የተዝካር ድግስም የድሃውን ቤት እያራቆተ መሆኑን ጻፈ። በድግሱ ነገር ከልቡ ነው የተናገረው፤ እኔም እስማማለሁ፤ የእኛ ንፍሮ፣ ዳቦና ጠላ ነው። ስለ ድንጋዩ ግን ከመጀመሪያው ሰው ጋር ነኝ። አባቴ የሌላ ሰው ልጅ ስም ፍለጋ በተመታ እግሩ ሞላሌ ገበያ ሲመላለስ ኖሯል፤ ስሙ በአንድ ድንጋይ ላይ ቢገኝ ኖሮ ያን ሁሉ መንገድ አይሄድም ነበር።

24ኛው ሦስተኛ ስም ይዞ መጣ። ከሞላሌ ወጣ ካለ ቀበሌ፣ ሁለት ወንድማማቾች አብረው ዘምተው አንዱ ብቻ ተመለሰ፤ የተመለሰውም ሞቷል። እንግዲህ ሦስት ሆኑ።

25ኛው የአንኮበሩ ዲያቆን ነው፤ ተመልሶ መጣ። የመጀመሪያ ቃሉ እንዳከረረ ይቅርታ ጠይቆ፣ ከራሴ ንስሐ አባት ጋር እንድነጋገር መከረኝ። ከ26 እስከ 29 ያሉት ሦስቱን ስሞች እያነጻጸሩ ሊፈርዱ የሞከሩ ናቸው፤ አንዱ ጥርሱን ይዞ ለ19ኛው ፈረደ፣ ሌላው ለ24ኛው። ይህን ተዉት። ለአንዱ ፈርጄ ሁለቱን ከደጅ የምመልስበት አቅም የለኝም።

30ኛው የእኔ ነው፤ የንስሐ አባታችንን አግኝቼ የጻፍኩት። ዓይናቸው ፈዟል፣ ዳዊቱን ግን በእጃቸው ዳስሰው አወቁት። ስለ 12ኛው መስመር ስጠይቃቸው አልተቸገሩም። በየዓመቱ አባቴ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ስለሚቆም እሳቸው አንተ የምታውቀው እያሉ ሲያሳልፉት ኖረዋል። አባቴ ግን ይህ አላረካውም፤ ስሙን አምጣ ሳይሉት ነው ሞላሌ ይሄድ የነበረው። ከጽዱ ሥር ለምን ይቆም እንደነበር አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ የንስሐ ነገር ነው። ሦስቱን ስሞች ስነግራቸው ሦስቱንም ጻፊ አሉኝ። በራሱ እርሳስ ጻፍኳቸው፤ ከ«የሞላሌው» ሥር። እሱን አልሰረዝኩትም።

31ኛው የመጣው ትናንት ማታ ነው፤ 17ኛዋ ሴት ለሙት ዓመቱ ስንት ሰው ሆነው እንደሚመጡ ጻፈች። የ19ኛውና የ24ኛው ቤተሰቦችም ስልክ ደውለዋል። ከሞላሌ የሚመጡት እስካሁን 9 ናቸው። እናቴ ብቅል ልትጨምር ነው፤ ሌላም የሚመጣ ካለ እስከ እሑድ አሳውቁኝ።